«ይህ ይለፍና…»

ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ገጽ ጠፍቼ «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። ብብቴ ሥር እብጠት ወጥቶብኝ እሱን ለማስመርመር ላይ ታች ስል ነው የከረምኩት። ምን ሆኖ እንደተገኘ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን በእነዚህ ሁለት ወራት በየወረፋው አጠገቤ ከተቀመጡ ሴቶች አፍ ደጋግሜ ስለሰማኋት አንዲት ቃል ነው፦ «ይለፍና»።

ታውቋታላችሁ። ፋሲካ ይለፍና። የልጁ ማትሪክ ይለፍና። የአማቴ ተስካር ይለፍና። ሠራተኛዋ ከአገሯ ትመለስና። ዕቁቡ ይድረሰኝና። አርባን ያለፈች ሴት ካላንደሯ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የተጻፈው የሰው ጉዳይ ነው። የራሷ ሰውነት ተራ የሚደርሰው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያልቃል እንዴ?

የፈረንጆቹ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ሮዝ ቲሸርት ለብሰን «ግንዛቤ እናስጨብጥ» እንላለን። ክፋት የለውም፣ እኔም ለብሻለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔ የማውቃቸው ሴቶች ችግር የግንዛቤ አይደለም። መምህርት፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የሱቅ ባለቤት፤ የጡት እብጠት ምን ሊሆን እንደሚችል ሁሉም ያውቃሉ። እንዲያውም ስለሚያውቁ ነው የሚፈሩት። ለማያውቅ ሰው የሚነገረውን ለሚያውቅ ሰው ደጋግሞ መንገር ምንም አይፈይድም።

አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ስታፍ ክፍል አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ልጆቿን አስፈቅጃለሁ። ኬሚስትሪ ነበር የምታስተምረው። ስለዚህ «አላወቀችም» የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም። ግንቦት ላይ ነው ብብቷ ውስጥ የዳሰሰችው። የትልቋ ልጇ ሰርግ ለጥር ተቆርጧል። አዳራሽ ተይዟል፣ ጠጅ ሊጣል ነው፣ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች ትኬት ቆርጠዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ኋላ ሁሉም ነገር ከወጣ በኋላ ስትነግረኝ ያለችው እንዲህ ነው፦ «ሰርጉ ላይ ለቅሶ ማምጣት አልፈለግኩም። ሰርጉ ይለፍና እታያለሁ አልኩ»። ሰርጉ አለፈ። መልሱ አለፈ፣ ቅልቅሉ አለፈ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ «ፋሲካን ልጆቼን ሰብስቤ ልፈስክና» አለች። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ስትታይ ጡቷ ውስጥም ነበር፣ አጥንቷም ጋ ደርሷል። በቀጣዩ ዓመት ቀበርናት።

የዚያን ሰርግ ቪዲዮ ልጇ አንድ ጊዜ አሳይታኛለች። እናት እስክስታ ትመታለች፤ ግራ እጇን ግን ከትከሻዋ በላይ አታነሣም። አሁን ለሚያይ ሰው ይታያል። ያን ቀን ማንም አላየውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ግንቦት ላይ ግማሽ ቀን ወስዳ አልትራሳውንድ ብትነሣ ሰርጉ ይቀር ነበር? ጠጁ ይበላሽ ነበር? ከግንቦት እስከ ጥር ስምንት ወር ነው። ምናልባት ሕክምናዋን ጀምራ፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ ልጇን ትድር ነበር። ከሰርግ ላይ የሚጎድል ነገር አልነበረም።

እስቲ ለአምስት ደቂቃ ወደ ክፍል እንመለስና ጠመኔዬን ልያዝ። ብብት ውስጥ ሊምፍ ኖድ የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ከባቄላ ፍሬ አይበልጡም። ሥራቸው ማጣራት ነው። ከእጅ፣ ከጡትና ከደረት የሚመለሰው ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ በእነሱ በኩል አልፎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ጣታችሁን ቢላ ቆርጧችሁ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ብብታችሁ የሚያብጠው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቁታል፤ «ንፍፊት ነው፣ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል» ይላሉ። ልክ ናቸው። የሊምፍን መንገድ ከእኔ በፊት ያስተማሩን እነሱ ናቸው።

ጥያቄው እጅ ላይ ቁስል ሳይኖር ሲያብጥ ነው። ያኔ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። በመላጨት የመጣ ብጉንጅ ሊሆን ይችላል። ጉዳት የሌለው የስብ እብጠት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ብብታቸው ውስጥ ትርፍ የጡት ሥጋ ይኖራቸዋል፤ በወር አበባ ጊዜ ወይም ሲያጠቡ ያብጥና ያስደነግጣቸዋል። ቲቢ ሊሆን ይችላል። የኤችአይቪ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሊምፍ ካንሰር ወይም ከጡት የተነሣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ብብት ውስጥ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ይህን አስምሩበት። ነገር ግን የትኛው እንደሆነ ጎረቤት ዳስሳ፣ አክስት ዳስሳ፣ ሐኪምም ቢሆን በእጁ ብቻ ዳስሶ በእርግጠኝነት አይለየውም።

ሰዎች «አያመኝም እኮ» ሲሉ እሰማለሁ፣ መጽናኛ አድርገው። ተገላቢጦሽ ነው። ቶሎ የሚያምና የሚቀላ እብጠት ብዙ ጊዜ የቁጣ፣ የኢንፌክሽን ነው። ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያልጠፋ፣ ጠጠር ያለ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ወይም ጡት ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ካለ «አያምም» ምክንያት አይሆንም። ለወንዶችም ነው የምናገረው፤ የጡት ካንሰር ከያዛቸው መቶ ሰዎች አንዱ ያህል ወንድ ነው።

ወደ እኔ ልምጣ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት አገኘሁ፤ አያምም፣ እጄ ላይ ቁስል የለም። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩት። አልሄደም። ሄድኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ካርድ አወጣሁ፣ ዳሰሱኝ፣ «ካላመመሽ አታስቢ» ተባልኩና የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ይህንን የሰማች ሌላ ሴት እፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች፣ አልፈርድባትም። እኔ ሠላሳ ዓመት ልጅ ስቆጣ የኖርኩ ስለሆንኩ «አልትራሳውንድ ይጻፍልኝ» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ተጻፈልኝ። ከዚያ ማሞግራም፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደ።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልበል፣ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ስንቷን እንዳስቀረ ወረፋ ላይ ሰምቻለሁና። ናሙና የሚወሰደው ምን እንደሆነ ታውቆ ለበሽታው የሚሆነው ሕክምና እንዲሰጥ ነው። ወሬው የመጣው ከየት ይመስላችኋል? እኛ አገር አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 ከደረሰ በኋላ ነው። መርፌ ይወጋሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ያርፋሉ። የቀረው ሰው ያየው መርፌውን ነው፤ ከመርፌው በፊት የነበሩትን ስምንት ወራት አላየም።

ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት አልተርክም። ብቻ የቤቴን ቁም ሳጥን ሦስት ጊዜ አስተካክያለሁ።

ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ከሳንባ ውጪ፣ ሊምፍ ኖድ ላይ የሚወጣው ዓይነት፤ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ፣ አንዳንዴም ብብት ውስጥ። የስድስት ወር መድኃኒት አለው፣ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ ሁለት ዓይነት። ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ማንም አስቀድሞ ባይነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። የላቦራቶሪው ልጅ «ማዘር፣ ቲቢ ነው ያልኩዎት» ብሎ ደገመልኝ፣ ያልገባኝ መስሎት።

አክስቴ ግን እዬዬዋን አቀለጠችው። ለምን? «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ሰምታ። ድሮ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰር። በአንድ ስም ሁለት በሽታ! አንዱ በስድስት ወር ኪኒን የሚድን፣ ሌላው ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የሚፈልግ። ሐኪም ይህን ቃል ሲጠቀም «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤቴ ደግሞ በተቃራኒው «ቲቢ» ሲባል ሰምታ ቡና ላይ ሲኒዬን ለየችብኝ። የሳንባ ራጅ ተነሥቼ ሳንባዬ ንጹሕ ነው፤ ብብት ውስጥ ያለ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በሲኒማ ጭራሽ። ሦስተኛውን እሷው ሲኒ ላይ ቀድቼ ጠጣሁ፤ አሁን ታርቀናል።

ግን ዋናው ግኝት እብጠቱ አልነበረም። ለእብጠቱ ካርድ አውጥቼ ስገባ አንዲት ወጣት ነርስ እንደ ወጉ ግፊቴን ለካች። 170 በ100። «ተራምደው መጥተው ይሆናል» ብላ አስቀምጣኝ ደግማ ለካች። ያው ነው። በሌላ ቀን ተለካሁ፣ በሦስተኛም ቀን። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደብተር ተሸክሜ እወጣለሁ። ደም ግፊት እንዲህ ነው፤ ዝም ብሎ ዓመታት ኩላሊትንና ልብን ሲበላ ይኖርና አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። እኛም «ድንገት ወደቀ» እንላለን፣ ባስ ካለም የሰው ዓይን ነው እንላለን። አሁን ማታ ማታ አንዲት ትንሽ ኪኒን እውጣለሁ። ለቲቢው የደነገጠ ሁሉ ለግፊቱ አልደነገጠም። በእኔ ግምት ቀድሞ ሊወስደኝ የነበረው እሱ ነው።

መኪና ያላችሁ በየዓመቱ ቦሎ ታወጣላችሁ። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል። መኪናው ስለቆመ አይደለም፣ እየሄደ እያለ ነው የሚታየው። ሰው አርባ ሲሞላው እንደዚያ ነው መታየት ያለበት፣ እየሄደ። ግፊት መለካት አምስት ደቂቃ ነው። በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ አንድ ጠብታ ደም ነው። የማኅፀን ጫፍ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ ኮምጣጤን የመሰለ ፈሳሽ ቀብተው ያዩታል፣ የተለወጠ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ እዚያው ያክሙታል። ያፍራል ሰው፣ አውቃለሁ። «ለወንድ ሐኪም አልገለጥም» የምትሉ ሴት ባለሙያ ካለች ጠይቁ። ልጆቻችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ክትባት ትምህርት ቤት ውስጥ ወስደዋል፤ እኛ እናቶቻቸው ግን አልደረሰንም። ለእኛ ያለን ምርመራው ነው። ጡትን በተመለከተ ማሞግራም በየከተማው የለም፣ ዋጋውም ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። ቢያንስ ግን ሠልጣኝ የሆነ የጤና ባለሙያ በዓመት አንዴ ጡትና ብብትን በእጁ ይመርምር። እኛ ዘንድ በሽታው ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸውን ብዙ ሴቶች ይይዛል፤ «ገና ነኝ» አትበሉ።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ነው የሚለው፣ ከ45 ጀምሮ ደግሞ ሴትም ወንድም የአንጀት ካንሰር ምርመራ ይመከራል፤ ኢንሹራንስ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳችሁ አትከፍሉም። «ሁለት ሺፍት ነው የምሠራው ቲቸር፣ ይሄ ወር ይለፍና» ብላ የጻፈችልኝ ልጅ ራሷን ታውቃለች። ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ለቪዛ የተደረገላችሁን ምርመራ እንደ ጤና ምርመራ አትቁጠሩት። እሱ ለአሠሪው ነው የተደረገው፤ ጡታችሁንና ግፊታችሁን ብሎ የተነሣ አይደለም።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ብሩስ?» እውነት ነው። ከ«ይለፍና» ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው «የለኝም» ነው፤ ሴቶቻችን ደግሞ የለኝም ከማለት ይለፍና ማለት ይቀላቸዋል። የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኛ መምህራን ከደመወዛችን ሊቆረጥ ነው ብለን አጉረመረምን፣ ደመወዙም በእርግጥ የሚቆረጥለት አልነበረም፤ ግን ዓመታት ወረቀት ላይ ማደሩ ማንን ጎዳ ቢባል እኛኑ ነው። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከወለጋና ከወሎ መጥታ ወራት ተራ የምትጠብቅ ሴት ማደሪያ ባታገኝ ምን ትሆናለች? እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ በጎ ሰዎች ባያስጠጉ ኖሮ ብዙዎቹ ተራቸው ሳይደርስ ይመለሱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ አንዲት ሴት በጡት ምልክት ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ነው። መንግሥትን የምንጠይቀው ይህንን 60 ቀን ነው፤ በስብሰባም በምርጫም እንጠይቅ። ግን ከዚያ 60 ቀን በፊት ያለው ስምንት ወር የእኛው የቤት ጉዳይ ነው።

ጠበልስ? እኔም ጠበል እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቴንም እውጣለሁ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጠበል የሚያስጠምቁ ስንት አባቶች «መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚያጣላው ነገር የለም።

ባሎችና ልጆች፣ አሁን እናንተን ነው። የእናቶች ቀን ሲመጣ የእናታችሁን ፎቶ በጽጌረዳ ከብባችሁ ትለጥፋላችሁ። ቆንጆ ነው። ግን «አመመሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። «መቼ ታየሽ?» በሏት። ከዚያ ቀኑን ራሳችሁ ቁረጡ፣ ካርዱን ራሳችሁ አውጡ፣ ያን ቀን ምሳውን ራሳችሁ ሥሩ። እናት ለራሷ ብላ አትሄድም፤ ለእናንተ ብላ ግን እሳት ውስጥ ትገባለች። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ይህን ተጠቅማበታለች። «እማዬ፣ ጤና ጣቢያ ልታይ ነው፣ ፈራሁ፣ አጅቢኝ» አለቻት። እናት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከቤት ወጣች። እዚያ ሲደርሱ ልጅት ከነርሷ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ «ማዘርም ይለኩ እስቲ» ተባለ። የእናት ስኳር ከሦስት መቶ በላይ። አሁን መድኃኒት ላይ ናቸው። ልጅትን «አታለልሽኝ» ብለው እስከ ዛሬ ይቆጧታል።

በመጨረሻ ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ እባካችሁ የእብጠት ፎቶ በውስጥ መስመር አትላኩልኝ። እኔ የባዮሎጂ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪምም በፎቶ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ከሦስት የሰፈሬ ሴቶች ጋር ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ግፊት፣ ስኳር፣ ማኅፀን፣ ጡት። አንዷ ሲኒዬን የለየችብኝ ናት። ሰፈሬን የምታውቁና አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ከሁለት ሰዓት በፊት በሩ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ድረሱ። ለስኳሩ ቁርስ እንዳትበሉ፤ ሻዩን ስንወጣ እጋብዛለሁ።